«14ኛው ረድፍ ይቅርብኝ»፦ በአየር ላይ ስለሚሰበር ሞተር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሚያዝያ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ወደ ዳላስ ይበር የነበረ የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737-700 በተነሳ በ20 ደቂቃ ገደማ፣ 32,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ በግራ ሞተሩ ፊት ከሚሽከረከረው ፋን ምላጮች (ክንፍ መሰል ብረቶች) አንዱ ተቆርጦ ሞተሩ ተሰበረ። ከሞተሩ መሸፈኛ የተገነጠለ ቁራጭ 14ኛው ረድፍ ላይ ያለውን መስኮት አፈረሰው። የካቢኑ አየር በመስኮቱ ሲወጣ እዚያ የተቀመጠችውን መንገደኛ ወደ ውጭ ሳባት፤ ሌሎች ተሳፋሪዎች ታግለው ቢመልሷትም ሕይወቷ አልተረፈም። አውሮፕላኑ 144 መንገደኞችና 5 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ነበር። ካፒቴን ታሚ ጆ ሹልትስና ረዳት አብራሪው ሞተሩ ከተሰበረ 17 ደቂቃ ያህል ቆይተው ፊላደልፊያ አሳረፉት።

ከውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ፍርሃቱም አብሮት ይዞራል። የደረሱንን ጥያቄዎች በአውሮፕላን ጥገናና በበረራ ሥራ ላይ ያለን የአምዱ አዘጋጆች እንዲህ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው። ያንን ቪዲዮ ያዩ ደንበኞች «14ኛው ረድፍ ይቅርብኝ፣ ከሞተሩ ራቅ ያለ ስጪኝ» ይሉኛል። እውነት ልዩነት አለው? ምን ብዬ ልመልስላቸው?
— ትኬት ሻጭ፣ ቸርችል ጎዳና

መልስ፦ የረድፍ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። በአንዱ አውሮፕላን ክንፉ ላይ የሚወድቀው 14ኛ ረድፍ በሌላው ፊት ለፊት ወይም ከክንፉ ኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያ በረራ ላይም መስኮቱን የመታው ቁራጭ በነፋሱ ተገፍቶ ወደ ኋላ የሄደ ነው እንጂ ከሚሽከረከረው ፋን በቀጥታ የተወረወረ አይደለም። «ከሞተሩ ትይዩ አልቀመጥም» ያለ ሰው እንኳ እዚያው ረድፍ ላይ ሊገኝ ይችል ነበር።

«ራቅ» የሚለውም እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ይለያያል። ሰኔ 29 ቀን 1988 ዓ.ም. ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ላይ ለመነሳት ሲንደረደር ሞተሩ የተሰበረው የዴልታ ኤምዲ-88 ሞተሮቹ ጭራው ላይ ነበሩ፤ የሞቱት ሁለት መንገደኞች ከኋላ የተቀመጡ ናቸው። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው-400 ደግሞ ባለ ፕሮፔለር ነው። ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያለው የአካሉ ቆዳ የተጠናከረው ከፕሮፔለሩ የሚወረወር በረዶ እንዳይጎዳው ነው።

ለደንበኛዎ የሚጠቅመው ምክር ሌላ ነው። የትም ይቀመጥ፣ ሲገባ ከወንበሩ እስከ ቅርቡ መውጫ በር ስንት ረድፍ እንዳለ ይቁጠር፤ ከፊትም ከኋላም። ጭስ ሲሞላ ዓይን አያይም፣ የወንበሩን ራስ እየዳሰሱ መቁጠር ግን ይቻላል። ደንበኛው አሁንም ረድፍ ልቀይር ካለ ይቀይሩለት። ተረጋግቶ የሚቀመጥ መንገደኛ የአስተናጋጇን ገለጻ ያዳምጣል፣ ይህ ብቻ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ታይታኒየም እንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር ሆኖ ምላጩ እንዴት ተሰበረ? ሲመረመርስ እንዴት ሳይታይ ቀረ?
— አራት ኪሎ

መልስ፦ ሞተሩ ሲኤፍኤም 56-7ቢ ይባላል፤ የ737-700ም የ737-800ም ሞተር እሱው ነው። ከፊት የሚታየው ፋን 24 ምላጭ አለው፣ የፋኑ ስፋት 1.55 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱ 100 በመቶ ሲደርስ በደቂቃ 5,175 ጊዜ ይዞራል። ያን ጊዜ የምላጩ ጫፍ በሰከንድ 420 ሜትር ያህል ይጓዛል። እያንዳንዱ ምላጭ ከሥሩ ላይ የሚጎተተው ኃይል በአስር ቶኖች ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው የምላጩ ሥር ነው። ሥሩ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ ስላለው በዲስኩ፣ ማለት ምላጮቹ በሚሰኩበት ክብ ብረት፣ ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ ገብቶ ይቆለፋል። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሥሩ የቦዩን ግድግዳ ተጭኖ ይለጠጣል፣ ሲጠፋ ይላላል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ማጠፍ እንደሚበጥሰው፣ አንድ ጊዜ ምንም የማያደርገው ጭነት ሲደጋገም ስንጥቅ ያበጃል። ስንጥቁ በእያንዳንዱ በረራ ጥቂት ይረዝማል፣ የቀረው ብረት መሸከም ሲያቅተው ደግሞ በአንድ አፍታ ይቆረጣል። የተሰበረው ቁጥር 13 ምላጭ ከ32,000 በላይ ሳይክል በርሮ ነበር። አንድ ሳይክል አንድ መነሳትና አንድ ማረፍ ነው።

ለምን እዚያ ቦታ ተሰነጠቀ? ሥሩ ላይ የመዳብ፣ የኒኬልና የኢንዲየም ቅብ አለ፤ ከላዩ ደረቅ ቅባት ይቀባል። ሁለቱም ሥሩ በቦዩ ውስጥ ሳይፋቅ ትንሽ እንዲንሸራተት ነው የተቀመጡት። ቅባቱ ሲያልቅ ሰበቃው ይጨምራል፣ ሥሩና ቦዩ በሚነካኩበት ጠርዝ ላይ ብረቱን የሚያስጨንቀው ኃይልም ይጨምራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ ሥሩን የሚያስጨንቀው ኃይል ሲነደፍ ከተገመተው በላይ እንደነበር አረጋግጧል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ምላጩ በ2012 እ.ኤ.አ. በእድሳት ወቅት ታይቶ ነበር። ያኔ ይሠራበት የነበረው የሚያበራ ፈሳሽ ነው። ብረቱ ይታጠባል፣ ፈሳሹ ይቀባና ወደ ስንጥቁ እስኪገባ ይጠበቃል፣ ከላይ ያለው ይጠረጋል፣ ፈሳሹን መልሶ የሚስብ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ይታያል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስንጥቁ አፉ መከፈት አለበት፣ ብረቱም ፍጹም ንጹሕ መሆን አለበት። የቅብ ርዝራዥ የደፈነው ወይም ገና ጠባብ የሆነ ስንጥቅ ፈሳሹን አያስገባም። የመርማሪው ዓይንም ይደክማል። ኋላ የመጣው ኤዲ ከረንት በኤሌክትሪክ ጅረት የሚፈትሽ ስለሆነ ትናንሽ ስንጥቆችን የማግኘት ዕድሉ ይበልጣል። ሞተሩ አውሮፕላኑ ላይ እንዳለ ሥሩን ለመፈተሽ ደግሞ አልትራሳውንድ ተመርጧል።

ሃንጋር ውስጥ ለመለማመድ ከገቡ ይህንንም ልብ ይበሉ። ምላጮች ለቅባት ሲወጡ መጀመሪያ ሾጣጣው ስፒነር ይፈታል፣ ማቆሚያዎቹ ይነሳሉ፣ እያንዳንዱ ምላጭ በቁጥሩ ምልክት ተደርጎበት ተስቦ ይወጣል። ሲመለስ ያው ቦዩ ውስጥ መግባት አለበት፣ ምክንያቱም ምላጮቹ በክብደታቸው ተመዛዝነው ነው የተደረደሩት። ሁለት ምላጭ ቦታ ከተለዋወጠ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አሮጌው ቅባት ሳይጸዳ አዲስ መቀባት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጉዳት ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ሞተር ሲሠራ «ምላጭ ቢሰበር መያዣው ይይዘዋል» ተብሎ ይፈተናል አይደል? ታዲያ ምን ሆነ?
— ካዛንቺስ

መልስ፦ አዎ፣ ይፈተናል። ፋብሪካው ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት እያዞረ አንድ ምላጭ ከሥሩ ሆን ብሎ ይቆርጣል፤ ቁርጥራጩ መያዣውን፣ ማለት ፋኑን የከበበውን ጠንካራ ቀለበት፣ በስቶ ከወጣ ሞተሩ ፈቃድ አያገኝም። በዚህ አደጋም መያዣው በአብዛኛው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ምቱ ነው። መያዣው ሲመታ ሞገዱ ወደ ውጭኛው መሸፈኛ ተላለፈ፤ መሸፈኛው እንዲህ ያለውን ምት እንዲችል አልተነደፈም። ተቀደደ፣ ከመቆለፊያው አካባቢ ያለ ክፍሉ ተገንጥሎ የአውሮፕላኑን አካል መታ። ስለዚህ ቦርዱ ቦይንግ የመሸፈኛውን ዲዛይን እንዲያሻሽል መክሯል።

ከምላጭ የሚብሰው ዲስኩ ሲሰበር ነው። ዲስክን ሊይዝ የሚችል መያዣ ቢሠራ አውሮፕላኑን ከመሬት አያስነሳም። ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. የዩናይትድ በረራ 232፣ ዲሲ-10፣ የጭራ ሞተሩ ዲስክ ተሰብሮ ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች ቆረጠ፤ ሱ ሲቲ፣ አዮዋ ላይ ለማረፍ ሲሞክር ከ296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። ዲስክ «ደህና ይመስላል» ተብሎ የማይቆየው ለዚህ ነው። ቁርጥ ያለ የሳይክል ዕድሜ አለው፤ ሲሞላ ምንም እንከን ባይታይበት እንኳ ወጥቶ ይጣላል።

ጥያቄ፦ ከዚያ አደጋ በፊት ተመሳሳይ ነገር እንደደረሰ አነበብኩ። ሰው እስኪሞት ለምን ተጠበቀ? ሕዝቡ ቢቆጣ ይፈረድበታል?
— ለገሃር አካባቢ፣ የመንግሥት ሠራተኛ

መልስ፦ አይፈረድበትም። ነሐሴ 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የዚያው አየር መንገድ ሌላ 737-700፣ በዚያው ዓይነት ሞተር፣ ምላጩ ከሥሩ በድካም ስንጥቅ ተሰብሮ ፔንሳኮላ ላይ በድንገት አርፏል። የአካሉ ጎን ተበስቶ የካቢኑ አየር ወጥቷል፤ የሞተ ሰው አልነበረም። የሞተሩ አምራች ምርመራ እንዲደረግ ማሳሰቢያ አወጣ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ምርመራውን ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ ሁለተኛው ሞተር ተሰበረ። ሰው ከሞተ በኋላ ግን አስቸኳዩ ትእዛዝ በሦስተኛው ቀን ወጣ፦ ከ30,000 ሳይክል በላይ የሠሩ ሞተሮች ምላጭ በ20 ቀን ውስጥ በአልትራሳውንድ ይታይ ተባለ። በዓለም ዙሪያ ይህ የሚመለከተው 681 ሞተር ነበር። ከዚያ ወር ሳይሞላ 20,000 ሳይክል የደረሱትም ተጨመሩ፣ በየ3,000 ሳይክሉም እንዲደገም ታዘዘ፤ ይህም ቆይቶ አጠረ።

በሦስት ቀን መውጣት የሚችል ትእዛዝ ከመጀመሪያው ምልክት በኋላ 20 ወር ያህል መጠበቁ ያሳዝናል። ቁጣው ተገቢ ነው የምንለውም ለዚህ ነው። ሆኖም አብዛኛው ቁጣ የሚያርፈው አውሮፕላኑ ስንት ዓመቱ ነው በሚለው ላይ ነው። ዓመት ብቻውን ምላጭን አያደክምም፣ ሳይክል ነው የሚያደክመው። በቀን አምስት ጊዜ የሚነሳ 737 በዓመት 1,800 ሳይክል ያህል ይሞላል፣ 30,000 ለመድረስ ከ16 ዓመት በላይ ይፈጃል። ረጅም መስመር ላይ የሚውል ትልቅ አውሮፕላን በዚያው ዕድሜ የዚህን ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ስለዚህ ጋዜጠኛም ሆነ መንገደኛ ቢጠይቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ አውሮፕላኑ የተነደፈበት አገር ያወጣው የደህንነት ትእዛዝ በዚህ አውሮፕላን ላይ ተፈጽሟል ወይ? በየትኛው ሳይክል? መቼ ይደገማል? እነዚህ ሁሉ በጥገና መዝገብ ላይ በቀንና በፊርማ የሚሰፍሩ ናቸው፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ መዝገቡን ከፍቶ የማየት ሥልጣን አለው።

ጥያቄ፦ ፎቶው ላይ መንገደኞቹ የኦክስጂን ጭንብሉን አፋቸው ላይ ብቻ አድርገው አየሁ። እናቴ ነጠላ ትለብሳለች፣ መነጽርም አላት፤ በቅርቡም አብረን እንበራለን። በትክክል እንዴት ነው የሚደረገው? ደቂቃውስ ይበቃል?
— ፒያሳ

መልስ፦ ጥሩ አይተዋል። በዚያ በረራ ላይ ብዙዎች አፍንጫቸውን ውጭ ትተው ነበር። እንዲህ ያደረገ ሰው በአፍንጫው የሚስበው የካቢኑን ስስ አየር ነው።

መጀመሪያ ደቂቃውን እንመልስ። በመደበኛ በረራ የካቢኑ አየር እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለት 2,440 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳሉ ያህል ይደረጋል። ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም፤ ከዚህ ከተማ የተነሳ ሰው ያን ያህል አይከብደውም። መስኮት ሲፈርስ ግን የካቢኑ አየር ወጥቶ ግፊቱ ወደ ውጭው ይወርዳል፤ 32,000 ጫማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ኦክስጂን አንድ ሰው አስቦ መሥራት የሚችለው ለአንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ አየሩ በድንገት ከወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ራሱን ሲስት አይታወቀውም፤ መጀመሪያ ደስ ደስ ይለዋል፣ ጣቱ አይታዘዝለትም። «እናትዎን ሳይሆን መጀመሪያ የራስዎን ያድርጉ» የሚባለው ለዚህ ነው። እርስዎ ነቅተው ከቆዩ እናትዎ ላይ ለማድረግ አምስት ሰከንድ ይበቃል።

ጭንብሉ የካቢኑ አየር ወደ 14,000 ጫማ ሲጠጋ በራሱ ይወርዳል። ከዚያ፦

ጭንብሉን ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት። መሳብ ግዴታ ነው፤ በብዙ አውሮፕላን ላይ ኦክስጂን የሚያመነጨው ጣሳ የሚነሳው ገመዱ ሲሳብ ነው። ሳይስቡ አንገትዎን አቅንተው ቢደርሱበት ባዶ ጭንብል ነው የሚያገኙት።

ቢጫውን ኩባያ አፍንጫንም አፍንም ሸፍኖ ከቆዳ ጋር እንዲገጥም ይጫኑት። ላስቲኩ ነጠላ ላይ ቢያልፍ ችግር የለም፤ የኩባያው ጠርዝ ግን ጨርቅ ላይ ካረፈ አየር ያስገባል። ነጠላውን ከአገጭ ወደ ታች ያውርዱላቸው። መነጽሩ ከኩባያው በላይ ይቀመጥ፤ ካስቸገረ ይውለቅ።

ከዚያ የላስቲኩን ጫፎች ግራና ቀኝ ስበው ያጥብቁ፣ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ። ከረጢቱ ባይነፋም ኦክስጂኑ ይመጣል። ብዙ ሰው ከረጢቱን አይቶ «የኔ አይሠራም» ብሎ ያወልቀዋል፤ ይህን በተለይ ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ጣሳው ሲሠራ ስለሚግል የሚቃጠል ነገር ሽታ ይመጣል፣ አቧራም ይወርዳል፤ እሳት ተነሳ ማለት አይደለም።

ጣሳው በአብዛኛው ለ12 ደቂቃ ያህል ይሰጣል። ያ የሚበቃው አብራሪዎቹ ወዲያው ስለሚወርዱ ነው። የራሳቸውን ጭንብል ያደርጋሉ፣ የሞተሮቹን ኃይል ይቀንሳሉ፣ ክንፉ ላይ ያሉትን የአየር መግቻዎች ይከፍታሉ፣ አፍንጫውን ያዘቀዝቃሉ። ከ32,000 ወደ 10,000 ጫማ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ለመንገደኛው የሚወድቅ ይመስለዋል፣ ጆሮም ይጎዳል፤ ምራቅ መዋጥና ማዛጋት ያቀለዋል።

በእኛ ሰማይ ላይ ግን 10,000 ጫማ ሁልጊዜ አይሠራም። እንጦጦ ብቻውን 3,200 ሜትር ገደማ፣ ማለት 10,500 ጫማ ነው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ «10,000 ጫማ ወይም የመስመሩ ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ይላል። ተራራማ መስመር ላይ የሚበሩ አየር መንገዶች ወዴት ታጥፈው ወደ ቆላው እንደሚወርዱ አስቀድመው የማምለጫ መስመር ያዘጋጃሉ። ለእናትዎ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሠራተኞቹ አውልቁ እስኪሉ ድረስ ጭንብሉ አይወልቅ።

ጥያቄ፦ ቦሌ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው መውጣት ይችላል?
— ስድስት ኪሎ

መልስ፦ ይችላል፤ ካልቻለ በዚያ ክብደት እንዲነሳ አይፈቀድለትም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ቀኑ ሲሞቅ ይብሳል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በሙቀቱ፣ በነፋሱ፣ በመንደርደሪያው ርዝመትና በዙሪያው ባሉ ተራሮች ተሰልቶ ቪ-ዋን የሚባል ፍጥነት ይወጣል። ከዚያ በፊት ሞተር ከጠፋ አብራሪው ፍሬን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ከጠፋ መነሳት ግድ ነው፤ በቀረው አንድ ሞተር ጎማውን ካጠፈ በኋላ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር መውጣት አለበት። ስሌቱ ካልሞላ ጭነት ወይም ነዳጅ ይቀነሳል። የዋሽንግተኑ በረራ ለዓመታት ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት እያረፈ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ሲመጣ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞልቶ ከቦሌ መነሳት አይችልም።

በአየር ላይ ሞተር ክፉኛ ሲጎዳ የ737 አብራሪዎች የሚያደርጉት በቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። የዚያን ሞተር የኃይል መቆጣጠሪያ ወደ ዝቅተኛው ይመልሳሉ፣ ነዳጁን ይዘጋሉ፣ የእሳት እጀታውን ይስባሉ፤ የእሳት ማስጠንቀቂያው መብራት ካልጠፋ እጀታውን አዙረው ማጥፊያ ይለቃሉ፣ 30 ሰከንድ ጠብቀው አሁንም ካልጠፋ ሁለተኛውን ይጨምራሉ። አንዱ ሲነካ ሌላው «ትክክለኛው ሞተር ነው» ብሎ ያረጋግጣል፤ ደህናውን ሞተር በስህተት መዝጋት የታወቀ ገዳይ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳሩ አደጋና የመጋቢት 1ዱ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ?
— ስታዲየም አካባቢ

መልስ፦ የባሕር ዳሩ የሞተር ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737-200 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ዋጡ። አንዱ ወዲያው፣ ሌላው ለመመለስ ሲዞር ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ፣ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ስንጥቅ አንድ ሞተርን ነው የሚመታው፤ የወፍ መንጋ ግን ሁለቱንም በአንዴ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የአየር ማረፊያ ዙሪያ ሣር መታጨዱ፣ ቆሻሻና የእርድ ተረፈ ምርት አለመጣሉ የደህንነት ሥራ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎችን ያጣንበት በረራ 302 ግን የሞተር ብልሽት አልነበረም። ነፋሱ ክንፉን የሚመታበትን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ የሰጠው የተሳሳተ ምልክት ኤምካስ የተባለውን ሥርዓት ቀስቅሶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ሁለቱን ማደባለቅ ሐዘኑንም ትምህርቱንም ያዛባል።

ጥያቄ፦ የሟቾችን ምስል የሚለጥፉ ሰዎች «ለትምህርት ነው» ይላሉ። ትክክል ነው?
— ሜክሲኮ

መልስ፦ አይደለም። የተሰበረው መስኮት ወይም የተቀደደው መሸፈኛ ያስተምራል፤ የሰው ገላ አያስተምርም። ቤተሰብ በወጉ ሳይረዳ ስም ወይም ምስል መልቀቅም በደል ነው፤ መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለን። በአደጋ የተነሳ ቪዲዮ ያለው ሰው ለመርማሪዎች ቢሰጥ ይጠቅማል፤ ድምፁ እንኳ ስለ ሞተሩ ይናገራል። መቅረጽ ግን አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከራቀ በኋላ ነው። ስልክ የያዘ እጅ ጭንብል አያጠብቅም።

ጥያቄ፦ አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው። ማንበብ አትችልም፣ ወሬውን ሰምታ ፈርታለች። ምን ምን ልንገራት?
— አቧሬ

መልስ፦ ጥቂት ነገር ይበቃል፣ ግን በቃል ብቻ አይንገሯት፤ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠው በእጇ ያሠሯት።

ቀበቶው ከሆዷ በታች፣ ዳሌዋ ላይ ጠበቅ ብሎ ይታሰር፤ መብራቱ ቢጠፋም ከተቀመጠች አይፈታ። በ14ኛው ረድፍ የሞተችው መንገደኛ ቀበቶዋን አስራ ነበር፤ ቀበቶ ሁሉን አያድንም፣ ያልታሰረ ሰው ግን አየር ሲወጣም አውሮፕላን ሲናወጥም የሚይዘው ነገር የለም። አፈታቱን ደጋግማ ትሞክር፤ የአውሮፕላን ቀበቶ ክዳኑ ወደ ላይ ተነስቶ ነው የሚፈታው፣ የመኪና የለመደ ሰው በድንጋጤ ቁልፉን ይጫናል።

መስኮቱን እየነካች እንዳትፈራ ይንገሯት። በውስጥ በኩል የምትነካው ስስ ፕላስቲክ ግፊት አይሸከምም፤ ግፊቱን የሚችለው ውጭኛው ንብርብር ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለተኛ መጠባበቂያ አለ። በመካከለኛው ላይ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ የፋብሪካ ናት።

ውጡ ከተባለ ሻንጣዋን ትተው። አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው በግማሽ በሮቹ ብቻ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት ሲችል ነው፤ ያ ሙከራ ሲሠራ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው የለም። ፓስፖርቷና ገንዘቧ ከመነሳቷ በፊት በትንሽ ቦርሳ አንገቷ ላይ ከልብሷ ሥር ይሁን፤ ያን ጊዜ ሻንጣውን መተው አይከብዳትም። መንሸራተቻው ላይ አትቀመጥ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ትዝለል፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ታውልቅ፣ የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ትጠምጥም። በመስኮት እሳት ከታየ በዚያ በኩል ያለው በር አይከፈትም፤ የአስተናጋጇን ድምፅ ትከተል።

መስመሯ ቀይ ባሕርን ስለሚያቋርጥ የሕይወት ጃኬትም ከወንበሯ ሥር አለ። ታጥልቀው፣ ግን ከበሩ ሳትወጣ አትንፋው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው በረራ 961 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ከነሱ ውስጥ ጃኬቱን ካቢን ውስጥ የነፉ ነበሩበት። የተነፋ ጃኬት ውሃ ሲገባ ሰውን ጣሪያው ላይ ለጥፎ ይይዛል፣ ጠልቆ በበሩ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ቀዩን እጀታ የምትስበው በሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ነው።